በማግኔት አጥር የተያዘ እሳት

እሳትን ሁላችንም እናውቀዋለን። ምድጃ ውስጥ ሲሆን ወጥ ይሠራል፤ ከምድጃ ሲወጣ ቤት ይጨርሳል። ስለዚህ እሳት በሚሠራበት ቦታ ሁሉ መያዣ አለ። ድስቱም፣ ምጣዱም፣ የባለእጁም ምድጃ የእሳት መያዣ ናቸው። መያዣው ደግሞ የእሳቱን ሙቀት የሚችል መሆን አለበት። የሸክላ ምጣድ እሳት ይችላል፤ የላስቲክ ጆግ ግን ገና ከእሳቱ ዳር ሲቀመጥ ይጨማደዳል።

በዚህ ትምህርት የምንነጋገረው የትኛውም ሸክላ፣ የትኛውም ብረት ስለማይችለው እሳት ነው። ሙቀቱ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ ይበልጣል። የሳይንስ ሰዎች ይህን እሳት በዕቃ ሳይሆን በማግኔት አጥረው ለመያዝ ከ70 ዓመት በላይ ሲደክሙ ቆይተዋል። መያዙንስ ይዘውታል። ያስቸገራቸው ነገር ሌላ ነው። እሳቱን ለማጠርና ለማሞቅ የሚወጣው ጉልበት፣ እሳቱ ከሚሰጠው ጉልበት እየበለጠ አስቸገረ። ዘርና ምርት ለሚያስተያይ ገበሬ ይህ ሒሳብ እንግዳ አይደለም።

ነገሩ የተሠራው በውጭ አገር ስለሆነ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፀሐይ የምትነደው በምንድን ነው?

ፀሐይ እንጨት የላትም፤ ላምባም የላትም። የተሠራችው በአብዛኛው ሃይድሮጅን ከሚባል ነገር ነው። ሃይድሮጅን በምንጠጣው ውሃ ውስጥም አለ።

በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ አቶም ከሚባሉ፣ በዓይን ከማይታዩ ደቃቅ ነገሮች የተሠራ ነው። አቶም እንደ እንቁላል በመካከሉ አስኳል አለው። በአስኳሉ ዙሪያ ደግሞ ኤሌክትሮን የሚባሉ በጣም ቀላል ነገሮች አሉ። በፀሐይ መሐል የሃይድሮጅን አስኳሎች በኃይል ይጋጩና ይዋሐዳሉ፤ ተዋሕደውም ሂሊየም ወደሚባል ሌላ ነገር ይለወጣሉ። ሲዋሐዱ ትልቅ ጉልበት ይወጣል። ማሳችንን የሚያሞቀው፣ እህላችንንም የሚያበስለው ይኸው ጉልበት ነው።

አስኳሎች ግን በቀላሉ አይዋሐዱም። ሁሉም አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ባሕርይ ስላላቸው እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። ይህን መገፋፋት አልፈው ሊነካኩ የሚችሉት በጣም ሲፈጥኑ ብቻ ነው። ፍጥነት የሚያገኙት ደግሞ ከሙቀት ነው። እንዲያውም ሙቀት ማለት የእነዚህ ደቃቅ ነገሮች ሩጫ ነው።

የፀሐይ መሐል ሙቀት 15 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ነው። ፀሐይ እጅግ ከባድ ስለሆነች አስኳሎቹን በገዛ ክብደቷ አምቃ ትይዛቸዋለች። ክብደቷ ራሱ ድስትም ክዳንም ሆኗታል። እኛ በምድር ላይ ያን የመሰለ ክብደት ከየት እናመጣለን? የጎደለውን በሙቀት ማካካስ ግድ ይሆናል። ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ያስፈልጋል የተባለው በዚህ ምክንያት ነው።

እስቲ ከምናውቀው ጋር እናስተያየው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በደጋ እንዲያውም ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ብረት በ1,538 ዲግሪ ይቀልጣል። ከብረታ ብረት ሁሉ እሳት በመቻል የሚበልጠው ተንግስተን ነው፤ የድሮው አምፑል ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ የሚሠራው ከእሱ ነው። እሱም ቢሆን በ3,422 ዲግሪ ይቀልጣል። ከዚያ በላይ የሚሄድ የብረት ድስት የለም።

ፕላዝማ ምንድን ነው?

በረዶ ሲሞቅ ውሃ ይሆናል። ውሃ ሲሞቅ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎቱን ደግሞ እጅግ አብዝተን ብናሞቀውስ? ያን ጊዜ ኤሌክትሮኖቹ ከአስኳሎቹ ይለያያሉ። በአውድማ ላይ ፍሬና ገለባ እንደሚለያይ ማለት ነው። ይህ ፍሬው ከገለባው የተለየ፣ ግን ሁለቱም አብረው የሚርመሰመሱበት ትኩስ ነገር ፕላዝማ ይባላል። መብረቅ ሲወርድ በሚያልፍበት መንገድ ያለው አየር ለቅጽበት ፕላዝማ ይሆናል። ፀሐይና ከዋክብትም ፕላዝማ ናቸው።

ፕላዝማ አንድ መልካም ጠባይ አለው። የኤሌክትሪክ ባሕርይ ስላለው ለማግኔት ይታዘዛል። እንዴት ቢባል፣ በገመድ ከካስማ ጋር የታሰረ ጥጃ እናስብ። ጥጃው ካስማውን ይዞራል እንጂ ርቆ አይሄድም። አሁን ደግሞ ገመዱ በካስማ ላይ ሳይሆን፣ በረጅም የተወጠረ ጠፍር ላይ ወዲያና ወዲህ በሚንሸራተት ቀለበት ላይ ታስሯል እንበል። ጥጃው እየዞረ በጠፍሩ ርዝመት መሄድ ይችላል፤ ወደ ጎን ግን ከገመዱ አያልፍም። ማግኔት ባለበት ቦታ የፕላዝማ ደቃቆች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ዙሪያውን እየተሽከረከሩ በማግኔቱ መስመር ላይ ይሄዳሉ እንጂ ወደ ጎን አያመልጡም።

ታዲያ ጠፍሩ ጫፍና ጫፍ አለው። ጥጃው ጫፉ ላይ ሲደርስ ያመልጣል። ስለዚህ ሰዎቹ ጠፍሩን ጠምዝዘው ጫፍና ጫፉን አገናኙት። ማሰሮ ወይም ጀበና የምናስቀምጥበትን ማቶት አስቡ። ውስጡ ባዶ የሆነ ትልቅ የብረት ማቶት ቢሠራ፣ ፕላዝማው በውስጡ ዙሪያ ገብ ይሄዳል፤ የሚያመልጥበትም ጫፍ የለም። ማቶቱ ላይ ሽቦ በብዛት ይጠመጠምና በሽቦው ኤሌክትሪክ ሲሄድ ውስጡ ማግኔት ይሆናል።

ይህም ብቻውን አልበቃም። ሽቦው በቀለበቱ ውስጠኛ ጎን ስለሚጠጋጋ ማግኔቱ በዚያ በኩል ይጠነክራል፤ በውጭው ጎን ደግሞ ይላላል። በዚህ የተነሳ ፕላዝማው ወደ ውጭ ይገፋል። መፍትሔው የማግኔቱን መስመሮች እንደ ገመድ መግመድ ሆነ። ገመድ ሲገመድ ከላይ የነበረው ቃጫ ወደ ታች፣ ከታች የነበረው ወደ ላይ ይዞራል አይደል? መስመሮቹም እንዲሁ ሲጠመዘዙ ፕላዝማው አንዴ በውጭ፣ አንዴ በውስጥ እየዞረ ይመጣጠናል። ለመጠምዘዝ በፕላዝማው በራሱ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንዲሄድ ያደርጋሉ።

ይህን ሐሳብ በ1950 እና በ1951 ያፈለቁት ኢጎር ታምና አንድሬ ሳኻሮቭ የተባሉ የሶቪየት ኅብረት ሊቃውንት ናቸው። መሣሪያው ቶካማክ ተባለ። በሞስኮ በኩርቻቶቭ ተቋም ሌቭ አርሲሞቪች የመሩት ቡድን በ1968 ፕላዝማውን እስከ 10 ሚሊዮን ዲግሪ አሞቅን ብሎ አስታወቀ። የምዕራቡ ዓለም ሰዎች አላመኑም። ጊዜው ደግሞ ሁለቱ ወገኖች በጠላትነት የሚተያዩበት ነበር። ሆኖም ሶቪየቶቹ «መጥታችሁ በራሳችሁ መሣሪያ ለኩት» ብለው እንግሊዞችን ጋበዙ። በ1969 የእንግሊዝ ሊቃውንት የጨረር መለኪያቸውን ጭነው ሞስኮ ሄዱና ለኩት፤ እውነት ሆኖ ተገኘ። እኛ እንደሚመስለን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሚያስመሰግኑት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ቶካማክ በየአገሩ መሠራት ጀመረ።

ማግኔት ቀለብ ይበላል ወይ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ከተሰበረ ሬዲዮ ውስጥ የሚወጣውን ማግኔት ልጆች ሲጫወቱበት አይታችሁ ይሆናል። ሚስማር ቢያስጠጉለት ይዞ ይቆያል። ዛሬም ይይዛል፤ ከርሞም ይይዛል። ላምባ አይጠጣም፤ ባትሪ ድንጋይም አይፈልግም። የድንጋይ ካብ ከብት ለመከልከል በየቀኑ ቀለብ እንደማይሰጠው ሁሉ፣ ማግኔትም ይዞ ለመቆየት ብቻ ጉልበት አያጠፋም።

እንዲህ ከሆነ ቶካማክ ያን ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚበላው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ሽቦው ነው። የሬዲዮው ማግኔት ፕላዝማውን ለመያዝ አቅም የለውም። ጠንካራ ማግኔት የሚገኘው በሽቦ ውስጥ ብዙ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ነው። ኤሌክትሪክ ደግሞ በመዳብ ሽቦ ውስጥ ሲሄድ እንቅፋት ያጋጥመዋል፤ ሽቦውም ይሞቃል። ያ ሙቀት ብክነት ነው። ማግኔቱ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ የሚባክነውን መተካት ያስፈልጋል።

የጉልበት መለኪያውን እናስታውስ። ባለ100 ዋት አምፑል አሥር ሲሆን አንድ ኪሎዋት ይፈጃል። አንድ ሺህ ኪሎዋት አንድ ሜጋዋት ነው። የቆቃ ግድብ በ1960 ሥራ ሲጀምር አቅሙ 43 ሜጋዋት ነበር።

በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ አቅራቢያ፣ ኩልሃም በተባለ ቦታ፣ የአውሮፓ አገሮች በኅብረት ያሠሩት ጄት የተባለ ቶካማክ ነበር። በ1983 ሥራ ጀምሮ በ2023 መጨረሻ ሥራውን ፈጸመ። ማግኔቶቹ ከመዳብ የተሠሩ ነበሩ። ጄት አንድ ሙከራ ሲያደርግ 500 ሜጋዋት ያህል ይፈልግ ነበር፤ ይህም ከአሥራ አንድ ቆቃ ይበልጣል። አንዳንዴ እንዲያውም ለቅጽበት ከ1,000 ሜጋዋት በላይ ይደርስ ነበር። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የማግኔት አጥሩ ነው።

ይህን ያህል ጉልበት በአንድ ጊዜ ከሕዝብ መብራት ላይ መውሰድ አይቻልም። ከሕዝቡ መስመር እንዲወሰድ የተፈቀደው እስከ 575 ሜጋዋት ነበር። ስለዚህ መሐንዲሶቹ አንድ ዘዴ ፈጠሩ። እንዝርት አንዴ ከተሾረ በኋላ እጅ ቢለቀውም መሾሩን ይቀጥላል። እነሱም እያንዳንዳቸው 775 ቶን፣ ማለት 7,750 ኩንታል የሚመዝኑ ሁለት ግዙፍ የብረት ጎማዎች ሠሩ። አንዱን ጎማ በ9 ሜጋዋት ገደማ ቀስ እያሉ ያሾሩታል። በደቂቃ እስከ 225 ጊዜ ሲዞር ጉልበት ጠግቧል ማለት ነው። ሙከራው ሲጀምር የተከማቸውን በጥቂት ሰከንድ ውስጥ እስከ 400 ሜጋዋት አድርጎ ይለቀዋል። ሳምንት ሙሉ የተጠራቀመ ጠላ በአንድ ድግስ እንደሚያልቅ ማለት ነው።

ሌላው ወጪ ማሞቂያው ነው። አጥሩ ፕላዝማውን ቢይዝም ሙቀቱ በጥቂት በጥቂቱ ይሾልካል። ፕላዝማ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ እንደሚንተከተክ ገንፎ ይገላበጣል፤ እንደ ክረምት ወንዝም አዙሪት ይሠራል። አዙሪቱ ከመሐል ያለውን ትኩስ እየቀዳ ወደ ዳር ያወጣዋል። የወጣው ሙቀት በየጊዜው ካልተተካ እሳቱ ይጠፋል። የሰደድ እሳት የለመደ ሰው አጥሩ ቢፈርስስ ብሎ ይሰጋ ይሆናል። የዚህ እሳት ጠባይ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ካመለጠ ግድግዳውን ይጎዳል እንጂ ወዲያው ቀዝቅዞ ይጠፋል እንጂ አይዛመትም። ያስቸገረው ማጥፋቱ ሳይሆን ማቆየቱ ነው።

ነዳጁ ዴውቴሪየምና ትሪቲየም የተባሉ፣ ከሃይድሮጅን ጋር የአንድ ቤት ልጆች የሆኑ ነገሮች ናቸው። ዴውቴሪየም ከውሃ ይገኛል። ትሪቲየም ግን በተፈጥሮ እምብዛም አይገኝም፤ ሊቲየም ከተባለ ማዕድን መሠራት አለበት። ጎጂ ጨረርም ስላለው በጥንቃቄ ይያዛል። ሁለቱ ሲዋሐዱ ሂሊየምና ኒውትሮን ይወጣሉ። ሂሊየሙ በአጥሩ ውስጥ ቀርቶ ፕላዝማውን ያሞቃል። ኒውትሮን ግን የኤሌክትሪክ ባሕርይ ስለሌለው ማግኔቱን ከምንም ሳይቆጥር አልፎ ግድግዳውን ይመታል። ከጉልበቱ አምስት እጅ አራቱን ይዞ የሚወጣው እሱ ነው። ይህ ጥሩ ነው፤ ወደፊት ውሃ አፍልቶ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው በዚህ የሚሞቀው ግድግዳ ነውና። ግድግዳውን እያደር ማድከሙና ጨረር እንዲኖረው ማድረጉ ደግሞ ጉዳቱ ነው።

አንዲት ፍሬ ጤፍና አንድ ኩንታል ተኩል እንጨት

በ1997 ጄት 24 ሜጋዋት ማሞቂያ ወደ ፕላዝማው አስገብቶ 16 ሜጋዋት ከውሕደቱ አገኘ። 24 ቁና ዘርቶ 16 ቁና የሰበሰበ ገበሬ ምን ይባላል? ዘሩን እንኳ አልመለሰም። ያም ሆኖ ከዚያ በፊት በየትኛውም አገር ይህን ያህል የመለሰ አልነበረም።

በ2023፣ ሊዘጋ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ጄት በአምስት ሰከንድ ያህል ውስጥ 69 ሜጋጁል ጉልበት ሰጠ። ሜጋጁል ሌላው የጉልበት መለኪያ ነው። በእኛ አነጋገር ከአራት ኪሎ ግራም ትንሽ ከፍ የሚል ደረቅ እንጨት ሲነድ የሚሰጠው ሙቀት ነው። የነደደው ነዳጅ ግን የአንድ ሚሊግራም አምስተኛ እጅ ብቻ ነበር፤ ከአንዲት የጤፍ ፍሬ አይበልጥም። እንጨት ለቀማ ግማሽ ቀን የሚሄድ ሰው፣ ለማሳው የሚሆነውን እበት ኩበት አድርጎ የሚያነድ ሰው፣ የዚህ ነገር ትርጉም ከማንም በላይ ይገባዋል። አንዲት ፍሬ ጤፍ የምታህል ነዳጅ አራት ኪሎ እንጨት ተካች!

አሁን ደግሞ የወጪውን ወገን እንቁጠር። መሣሪያው በሙከራ ጊዜ 500 ሜጋዋት ይፈልጋል ብለናል። ይህ በአምስት ሰከንድ 2,500 ሜጋጁል ይሆናል። ወደ እንጨት ስንመልሰው አንድ ኩንታል ተኩል ነው። እንግዲህ አራት ኪሎ እንጨት ለማግኘት አንድ ኩንታል ተኩል እንጨት ነደደ ማለት ነው። ይህን የምንለው ሠራተኞቹን ለመንቀፍ አይደለም። ጄት የተሠራው ለመማሪያ እንጂ ለገበያ አልነበረም። ግን «ይህን ያህል አስገብተን ይህን ያህል አገኘን» ሲባል በሬዲዮ ብንሰማ፣ ማስገቢያ ተብሎ የተቆጠረው የቱ ነው ብለን መጠየቅ አለብን። በ1997ቱ ሒሳብ የተቆጠረው ወደ ፕላዝማው የገባው ማሞቂያ ብቻ ነው። አጥሩ የበላው አልተቆጠረም።

የአጥሩን ወጪ መቀነሻው ቅዝቃዜ ሆኖ ተገኘ። በ1911 በሆላንድ አገር ካሜርሊንግ ኦነስ የተባሉ ሊቅ አንዳንድ ብረቶች እጅግ ሲቀዘቅዙ የኤሌክትሪክ እንቅፋታቸው ጨርሶ እንደሚጠፋ አገኙ። እንዲህ ባለ ሽቦ ውስጥ አንዴ የገባ ኤሌክትሪክ ሳይደክም ይዞራል። ሽቦው አይሞቅም፤ የሚባክንም የለም። ያን ጊዜ የቶካማኩ አጥር እንደ ሬዲዮው ማግኔት፣ እንደ ድንጋዩ ካብ ይሆናል።

ቅዝቃዜውም ቢሆን በነፃ አይገኝም። ሽቦው በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ገደማ መቀዝቀዝ አለበት። ከውጭ ጥቂት ሙቀት ሾልኮ ቢገባ እሱን ለማውጣት ከሁለት መቶ እጥፍ የሚበልጥ ጉልበት ያስፈልጋል። ስለዚህ መሣሪያውን በሙሉ አየር በወጣለት ትልቅ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ሻይ የምናቆይበት ፔርሙዝ የሚሠራውም በዚሁ ዘዴ ነው። በጥቂት ሜትር ርቀት ውስጥ በአንድ ወገን የመቶ ሚሊዮን ዲግሪ እሳት፣ በሌላ ወገን ከማንኛውም በረዶ የባሰ ብርድ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ይህ ዘዴ እንደሚሠራ ታይቷል። የጄት የመዳብ ማግኔት ስለሚግል ሙከራው በሰከንድ የሚቆጠር ነበር። በደቡብ ፈረንሳይ ያለው ዌስት የተባለ ቶካማክ ግን፣ ሽቦው የሚቀዘቅዝ ስለሆነ፣ በየካቲት 2025 ፕላዝማውን ከ22 ደቂቃ በላይ ይዞ አቆየ። ያን ጊዜ ያስገባው ማሞቂያ 2 ሜጋዋት ብቻ ነበር። ሙከራው ግን የመያዝ እንጂ የምርት አልነበረም፤ ጉልበት የሚሰጠው ነዳጅ አልገባበትም።

በዚያው በፈረንሳይ ካዳራሽ በተባለ ቦታ ኢተር የሚባል ትልቅ ቶካማክ በመሠራት ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት፣ ቻይና፣ ሕንድ፣ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ሩስያና አሜሪካ በ2006 ተፈራርመው የጀመሩት ነው። ግዙፍ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። በስኒ ያለ ቡና ቶሎ ይበርዳል፤ በጎላ ድስት ያለ ውሃ ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ፕላዝማም ሲበዛ ሙቀቱ ቶሎ አይሾልክም። የኢተር ዕቅድ 50 ሜጋዋት ማሞቂያ ወደ ፕላዝማው አስገብቶ 500 ሜጋዋት ማግኘት ነው። አንድ ቁና ዘርቶ አሥር ቁና እንደ ማፈስ ነው፤ ቢሳካ ደህና አዝመራ ይባላል።

ግን እዚህም ላይ የቤቱን ሙሉ ሒሳብ እንያዝ። ማቀዝቀዣው፣ ውሃ መግፊያው፣ ማሞቂያው ሁሉ ተደምሮ ኢተር ከ110 ሜጋዋት ጀምሮ፣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ደግሞ እስከ 620 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። የሚያወጣው 500 ሜጋዋት ሙቀት ነው እንጂ ኤሌክትሪክ አይደለም። ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ የሚተርፈው ከሦስት እጅ አንዱ ያህል ነው። ኢተርም ኤሌክትሪክ ለማመንጨት አልተሠራም። ብርሃን የሚሰጠው መሣሪያ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ነው። የኢተር የመጀመሪያ የምርምር ሥራ በ2034፣ ዴውቴሪየምና ትሪቲየም ገብቶ የሚደረገው ሙከራ ደግሞ በ2039 እንዲጀመር በ2024 በወጣው አዲስ ዕቅድ ተይዟል።